እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሡ መኪናዎ ምን ያደርጋል?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። መኪና መንዳትን በሚመለከት ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሬዲዮው እንዴት እንደሚከፈት፣ ስልኩ ከመኪናው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ መቀመጫው በክረምት እንዴት እንደሚሞቅ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ መኪናው ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን የሚያውቀው መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ወይም ረጅም ቁልቁለት ሲጀምር ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። አንዱ መኪና እግር ሲነሣለት ልጓም እንደተሳበ በቅሎ ወዲያው ይዘገያል። ሌላው ምንም እንዳልተነገረው ሆኖ ዝም ብሎ ይንደረደራል። ሦስተኛው ጭራሽ ፍሬን ሳይረገጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሦስቱም አውቶማቲክ ይባላሉ፤ ሦስቱም አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ መኪና በሚቀባበሉበት ቤት ደግሞ አንድ እግር በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ጠባይ ይገጥመዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሮ ማየቱ አይከፋም።

በአገር ቤት የተማረ እግር

ከመካከላችን ብዙዎቻችን መንዳት የተማርነው በባለ ፍሪሲዮን መኪና ነው። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው አማርኛ የሆኑት ከመኪናው ጋር አብረው ነው። ከቃላቱ ጋር የእግርም ልማድ አብሮ መጣ። ባለ ማርሽ መኪና የሚነዳ ሰው ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ ሞተሩ ጎማውን እንደሚይዝለት እግሩ ያውቃል። ቁልቁለት ሲመጣ ከባድ ማርሽ ያስገባል። መኪናው ያጉረመርማል እንጂ አይሮጥም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ፣ ወይም የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በጭነት መኪና የወረደ ሾፌር ይህን ትምህርት ቤት አልገባለትም፤ ሕይወቱን ያተረፈለት እውቀት ነው።

ሌላም ልማድ አለ። ነዳጅ ውድ ስለሆነ፣ ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን ማንደርደር። በካርቡሬተር ዘመን ይህ ልማድ መሠረት ነበረው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ በፍጥነት ስለሚሽከረከር ቤንዚን መሳቡን አያቆምም። ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ዙሩ ይቀንሳል፤ የሚስበውም ቤንዚን እንዲሁ። ስለዚህ ያ ሾፌር ጥቂት ቤንዚን አትርፏል። በምላሹ ግን የሞተሩን መያዣ ጥሎ ሕይወቱን ለፍሬን ብቻ አደራ ሰጥቷል። ፍሬኑ አደራውን ያልጠበቀባቸው ገደሎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም።

እነዚህን ሁለት ልማዶች ይዘን ነው እንግዲህ ወደ ሰው አገር የመጣነው። አንደኛው ጥሩ፣ ሁለተኛው መጥፎ ነው። የዛሬው አውቶማቲክ መኪና ግን ጥሩውንም ልማድ ያደናግረዋል።

በውስጥ የሚሆነው ነገር

አውቶማቲክ ካምቢዮ አዲስ ነገር አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ካቀረበ ብዙ ዘመን አልፏል። ፍሪሲዮን በእግር መርገጥ የቀረው፣ ሞተሩና ካምቢዮው በዘይት አማካይነት እንዲገናኙ ስለተደረገ ነው። ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ሲዞር ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል፤ በብረት ግን አልተያያዙም። በመኪናው ውስጥ የነፋሱን ቦታ ዘይት ይይዘዋል። ለዚህ ነው አውቶማቲክ መኪና ዲ ላይ ሆኖ ቆሞ ሳለ ፍሬኑን ሲለቁት በቀስታ የሚሳበው፤ ለዚህም ነው የድሮው አውቶማቲክ እግር ሲነሣለት ልል ሆኖ ይንደረደር የነበረው። በዘይት የተያዘ ነገር በብረት እንደተያዘ አይጠብቅም።

ከጊዜ በኋላ ግን ሁለቱን ወገን በጉዞ ላይ በብረት የሚያቆላልፍ መያዣ ተጨመረበት። ክራይስለር በ1978 ሞዴሎቹ ላይ ይህን ካወጣ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ። የዛሬው ካምቢዮ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አንዳንዱም ዐሥር ማርሽ አለው። መቼ እንደሚቆላለፍ፣ መቼ እንደሚለቅ፣ የትኛውን ማርሽ እንደሚመርጥ የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ነዳጅ መስጫውን ሲለቁ መኪናው አንድ ጊዜ ይይዛል፣ አንድ ጊዜ ይለቃል። አዲስ ገዢ «ይህ መኪና ነገር አለው» ብሎ መካኒክ ቤት የሚመላለሰው አንዳንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲነኩ ሞተሩ በድንገት ከፍ ባለ ድምፅ ቢያጓራ፣ ብዙ ጊዜ መኪናው ራሱ ከባድ ማርሽ አስገብቶ እያገዘዎት ነው። አገር ቤት በእጅዎ ያደርጉት የነበረውን እሱ ሳይጠይቅ አደረገልዎት ማለት ነው።

በነዳጁ በኩልም ትልቅ ለውጥ አለ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡ አዳዲስ መኪኖች በሙሉ ማለት ይቻላል ካርቡሬተር የላቸውም፤ ቤንዚን በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚረጭ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ሲያነሡና ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው፣ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋዋል። ሞተሩ የሚሽከረከረው በመኪናው ግፊት ብቻ ነው። ዜሮ ማርሽ ካስገቡ ግን ጎማው ሞተሩን ማዞር ያቆማል፤ ሞተሩም እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት ይጀምራል። ቤንዚን እቆጥባለሁ ብሎ ዜሮ ያስገባ ሰው እንግዲህ ተዘግቶ የነበረውን ቧንቧ በገዛ እጁ ከፈተው። የድሮው ብልሃት ዛሬ ተገላብጦ ኪሳራ ሆኗል።

መኪኖቹን በየዓይነታቸው

አሁን ወደ ራስዎ መኪና እንምጣ። በማኅበራችን ውስጥ በብዛት የሚነዱትን በየወገናቸው እንያቸው።

አንደኛ፣ ተራው ባለ ብዙ ማርሽ አውቶማቲክ። እግር ሲነሣ በመጠኑ ይይዛል። ከዲ ሌላ ኤል፣ ኤስ፣ ወይም ኤም የሚል ምልክት፣ ወይም የመደመርና የመቀነስ ምልክት፣ ወይም ከመሪው ጀርባ ሁለት ትናንሽ ክንፎች ይኖሩታል። እነዚህ ጌጥ አይደሉም። አገር ቤት በቀኝ እጅዎ ያስገቡት የነበረው ከባድ ማርሽ ያለው እዚያ ነው። የመቀነስ ምልክቱን አንዴ ሲነኩ ማርሹ በአንድ ይከብዳል፤ መኪናው ይያዛል።

ሁለተኛ፣ ሲ.ቪ.ቲ. የሚባለው። በብዙ የኒሳን፣ የሆንዳ፣ የሱባሩና የቶዮታ መኪኖች ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ደረጃ ደረጃ ያለው ማርሽ የለውም፤ በቀበቶ ወይም በሰንሰለት ሳይቆራረጥ ይለዋወጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ስለሚይዘው፣ እግር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ልል ነው። ባለ ማርሽ መኪና ለለመደ ሰው «ፍሬን የለውም እንዴ?» ያሰኛል። ቁልቁለት ላይ ኤል ወይም ኤስ ማስገባት ለዚህ ዓይነቱ መኪና ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ ሆን ብሎ የሚንደረደረው። ከፖርሽ፣ ከቢ.ኤም.ደብሊው፣ ከአውዲና ከመርሴዲስ ዘመናዊ ሞዴሎች መካከል፣ በተለይ የቁጠባ አነዳድ ሲመረጥ፣ እግር በተነሣ ቁጥር ሞተሩን ከጎማው የሚለያዩ አሉ። አንዳንዶቹ ሞተሩን ጭራሽ ያጠፉታል። መኪናው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ይህ ኮምፒዩተሩ አስቦ፣ ፍሬኑና መሪው ኃይል እንደማያጡ አረጋግጦ የሚያደርገው ስለሆነ እርስዎ በእጅዎ ዜሮ ከማስገባትዎ ጋር አንድ አይደለም። ካልተመቸዎት ግን አነዳዱን ወደ ስፖርት ሲቀይሩት አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል።

አራተኛ፣ ሃይብሪድ። ፕሪየስ በጃፓን በ1997፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2000 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ የስንት ወገናችንን ቤተሰብ በታክሲነት እንዳስተዳደረ አንባቢ ያውቀዋል። ይህ መኪና እግር ሲነሣለት የኤሌክትሪክ ሞተሩን ወደ ዲናሞ ይለውጥና ግፊቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ፍሬን ሲረግጡም መጀመሪያ የሚሠራው ይኸው ነው፤ ሸራው የሚነካው በኋላ ነው። ቢ የሚለው ምልክት ለረጅም ቁልቁለት የተሠራ ነው፤ ሞተሩን አሽከርክሮ መኪናውን ይይዛል። በቢ ሁልጊዜ መንዳት ግን አይገባም፤ ነዳጅ ያስበላል።

አምስተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ። በቴስላ፣ በ2017ቱ ሸቭሮሌ ቦልት፣ ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በኒሳን ሊፍ፣ በሌሎችም በርካታ መኪኖች ላይ አንድ ፔዳል ብቻ ይዞ መንዳት ይቻላል። እግር በተነሣ ቁጥር መኪናው በኃይል ይዘገያል፤ ሳይረገጥም እስከ መቆም ይደርሳል። በሌሎች መኪኖች መጠኑን ከመሪው ጀርባ ባሉት ክንፎች ወይም በስክሪኑ ላይ ማብዛትና መቀነስ ይቻላል። ለዚህ ዓይነቱ መኪና ነዳጅ መስጫውን መልቀቅ ማለት ፍሬን መያዝ ማለት ነው። እግርዎን እንደ ድሮው በአንድ ጊዜ ካነሡት ጭንቅላትዎ ወደ ፊት ይነቀነቃል፤ ከኋላ የተቀመጠውም እንዲሁ።

ዜሮ ማርሽ በሕግም ክልክል ነው

ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ቁልቁለት ላይ ዜሮ አስገብቶ መንደርደር በብዙ የአሜሪካ ስቴቶች በሕግ የተከለከለ ነው። ቨርጂኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ዋሽንግተን ስቴት ይህን የሚከለክል የትራፊክ ሕግ አላቸው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ መንደርደር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ሊቆለፍም ይችላል። ፍሬኑም ከጥቂት እርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል።

ይሁንና ዜሮ ማርሽ የሚጠቅምበት አንድ ክፉ ቀን አለ። ነዳጅ መስጫው ተይዞ አልመለስ ቢልና መኪናው በራሱ ጊዜ መሮጥ ቢጀምር፣ ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፤ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፤ ዳር ይያዙና ያቁሙ፤ ሞተሩን የሚያጠፉት ከቆሙ በኋላ ነው። ሞተሩ ቢጮህም ይጩህ፤ ጎማውን ማዞር አይችልም። ይህንን ለባለቤትዎም ለልጆችዎም ይንገሩ።

ቁልቁለቱ

በዴንቨርና በኦሮራ የሚኖሩ ወገኖቻችን አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ያውቁታል። ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከሚሆን ከፍታ ተነሥቶ ወደ ዴንቨር ይወርዳል። ዴንቨር ራሷ 1,600 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ጎዳና ላይ ፍሬን እንቢ ላላቸው የጭነት መኪኖች ጠጠር የፈሰሰባቸው ማምለጫዎች ተሠርተዋል። ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ በመኪና የወጣ ሰው ደግሞ ሲመለስ ጠባቂዎቹ አስቁመው የፍሬኑን ሙቀት ይለኩለታል፤ ከጋለ እስኪቀዘቅዝ ያስቀምጡታል። እንዲያው ለወጉ አይደለም።

ሒሳቡን እናስላው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ40 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ስንት ጀበና እንደሚሆን እርስዎ ይቁጠሩት። ከነፋሱና ከጎማው መሽከርከር የተረፈውን ይህን ሙቀት አንድ ነገር መሸከም አለበት። ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ ባትሪው፣ ወይ ፍሬኑ። ፍሬን ብቻውን ከተሸከመው ይግላል፤ ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ የሚያረጅ ነገር ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን ይህ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል። ፔዳሉም ወለሉ ድረስ ይገባል፤ የሚይዝ ነገር የለም።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ። ዲውን ትተው ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ወይም በመቀነስ ምልክቱ ከበድ ያለ ማርሽ ያስገቡ። ሞተሩ ቢጮህ አይደንግጡ፤ ዙሩ የሚያሳየው ሰዓት ቀዩን መስመር እስካልነካ ድረስ ጉዳት የለውም። ፍሬኑን ሳያቋርጡ በስሱ ረግጠው አይውረዱ፤ ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቁ፣ ይተንፍስ። «አገር ቤት እንደዚያ ነበር የማደርገው» ካሉ፣ ልክ ነዎት። እግርዎ የያዘው ጥሩው ልማድ ይህ ነው፤ የተለወጠው ማርሹን የሚያስገቡበት ቦታ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር በተለይ ይያዙ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ብርቱ ብርድ ሲሆንም ባትሪው ለመቀበል ይለግማል። በእነዚህ ጊዜያት አንዳንዱ መኪና እግር ሲነሣለት እንደ ትናንቱ አይይዝም፤ ይንደረደራል። ቤትዎ ኮረብታ ላይ ከሆነና ማታ ሙሉ በሙሉ ሞልተው ጠዋት የሚወጡ ከሆነ፣ መኪናው ትናንት ማታ በቆመበት ርቀት ዛሬ ጠዋት ላይቆም ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባትሪውን 80 ወይም 90 በመቶ ላይ ያቁሙት፤ እግርዎንም ለፍሬኑ ዝግጁ ያድርጉት።

በበረዶ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እግር ሲነሣ በኃይል የሚይዝ መኪና በሚያዳልጥ መንገድ ላይ ጎማውን ሊያንሸራትት ይችላል። በዚያን ቀን የመያዙን መጠን ይቀንሱ፤ እግርዎንም በቀስታ ያንሡ።

በሹፍርና ለሚተዳደሩ

በታክሲም ሆነ በስልክ በሚጠራ መኪና ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጉዳዩ የእንጀራ ነገር ነው። የኒው ዮርክ ከተማ የታክሲና ሊሞዚን ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በትልልቆቹ የስልክ ታክሲ ኩባንያዎች በኩል የሚደረጉ ጉዞዎች በሙሉ እስከ 2030 ድረስ ጭስ በማያወጡ ወይም የአካል ጉዳተኛ ጋሪ በሚያስገቡ መኪኖች እንዲሆኑ ይፈለጋል። በለንደንም ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚወጣለት የኪራይ መኪና ቢያንስ በከፊል ያለ ጭስ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ ሃያ ዓመት በቤንዚን መኪና የሠራ ሾፌር ሳይወድ በግዱ እግሩን እንደገና ማስተማር ይኖርበታል።

ተሳፋሪ መንገድ ላይ የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ ከፍጥነት ሳይሆን ከመነቅነቅ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናን እንደ ቤንዚን መኪና እየረገጡና እየለቀቁ የሚነዳ ሰው ተሳፋሪውን እንደ ወንፊት ይነፋዋል። ተሳፋሪው ምን እንደሆነ ባይገባውም ራሱን ያዞረዋል፤ ኮከብም ይቀንሳል። እግርን ማንሣትም ሆነ መጫን በሽልማት ጽዋ ላይ ጠጅ እንደሞላ ሰው፣ በቀስታ መሆን አለበት። መያዙን ወደ ዝቅተኛው መጠን አድርጎ መጀመር፣ በሳምንት በሳምንት ከፍ ማድረግ ይረዳል። ሌላው ነገር ከኋላ የሚመጣው መኪና ነው። እርስዎ ፍሬን ሳይረግጡ ሲዘገዩ የፍሬን መብራትዎ መቼ እንደሚበራ መኪናው ነው የሚወስነው፤ አበራሩም ከመኪና መኪና ይለያያል። ማታ ግድግዳ ወይም የሱቅ መስታወት አጠገብ በቀስታ ሲያልፉ መብራቱን ይመልከቱት። የሚዘገይ ከሆነ ከኋላ ለሚመጣው ሲሉ ፍሬኑን በስሱ ነካ ያድርጉ።

በእነዚህ መኪኖች ፍሬኑ እምብዛም ስለማይሠራ ሸራው ዕድሜ አለው። ነገር ግን ሥራ ፈት ብረት ይዝጋል። በተለይ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር በዓመት አንዴ ይታይ፤ የፍሬን ዘይቱም በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው ጊዜ ይለወጥ።

ግራ እግርና አዲስ መጪ ወላጆች

በዲቪም ሆነ በልጅ ጥሪ የመጡ፣ አገር ቤት ብዙ ዘመን የነዱ አባቶችና እናቶች አሉን። እነሱን ማስተማር ከባድ የሚሆነው መንዳት ስለማይችሉ ሳይሆን በጣም ስለሚችሉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አደጋ የሚያመጣው ግራ እግር ነው። ፍሪሲዮን ሲፈልግ ፍሬኑን ያገኘውና እንደ ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። መኪናው መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ለሁለቱም ፔዳል ቀኝ እግር ብቻ። ግራው ከወንበሩ ሥር ወደ ኋላ ተስቦ ይረፍ።

እንዲህ ዓይነት ንግግር በብዙ መኪና ውስጥ የሚሰማ ነው፤

«አባባ፣ ቀስ! ቀይ መብራት ነው።»

«ለቅቄዋለሁ እኮ ልጄ። እግሬን አንሥቻለሁ።»

«ይሄ ሲለቁት አይቆምም አባባ። ፍሬኑን ይርገጡት።»

«ታዲያ የእናትሽ መኪና እግሬን ሳነሣ ይቆም የለም?»

አባት አልተሳሳቱም። የእናትየዋ መኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ ይህኛው ባለ ሲ.ቪ.ቲ. ነው። የሁለቱን ልዩነት የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። ልጅ በአባት ላይ ከምትጮህ፣ አባትም በልጅ ፊት ከሚያፍሩ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ቦታ መሄድ ይበቃል።

ትምህርቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በሰዓት 20 ማይል ይንዱና እግርዎን ብቻ ያንሡ፤ ፍሬን አይንኩ። መኪናው የት ድረስ እንደሚሄድ ይመልከቱ። ሁለተኛ ጊዜ ኤል ወይም ቢ አስገብተው ይድገሙት። ሦስተኛ ጊዜ፣ መምረጫ ካለው፣ የመያዙን መጠን ከፍና ዝቅ እያደረጉ። አራተኛ ጊዜ ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው እንዴት እንደሚቆም ይዩ። መጨረሻ ላይ ቆመው ሳለ ፍሬኑን ይልቀቁና በራሱ ይሳብ እንደሆነ፣ ወይም እንደቆመ ይቀር እንደሆነ ይለዩ። አምስቱን ነገሮች ያወቀ እግር በዚያ መኪና ላይ እንግዳ አይሆንም። መኪና ሲከራዩ፣ የጓደኛ መኪና ሲዋሱም ከግቢው ከመውጣትዎ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ያድርጉ።

አገር ቤት ሲመለሱ

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ነገር ብቻ እንዳይመስልዎ። ኢትዮጵያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላለች። አዲስ አበባ ላይ ለጥቂት ሳምንት የሚዋሱት የዘመድ መኪና ኤሌክትሪክ የመሆን ዕድሉ እየሰፋ ሄዷል። እንጦጦ ላይ ወጥተው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ዜሮ ማርሽ የሚባለውን የጥንት ብልሃት ይርሱት። እግርዎን በስሱ ካነሡት ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን ይሞላልዎታል። አባቶቻችን በፍሬን ሸራ ላይ ያቃጥሉት የነበረው ጉልበት ዛሬ ተመልሶ መንገድ ይሆናል። ዘመድዎ ግን ማታ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ ከሰጠዎት፣ ከላይ ያልነውን ያስታውሱ፤ ፍሬኑ ላይ ይንቁ።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ መኪናውን ከማጌጥ በፊት ጠባዩን ማወቅ ይቀድማል። ይህን ጋዜጣ እያነበቡ ያሉት ምናልባት ምግብዎ እስኪመጣ ይሆናል። በልተው ሲወጡ ከማቆሚያው ቦታ ሳይርቁ፣ ከኋላዎ ሰው አለመኖሩን አይተው፣ እግርዎን አንድ ጊዜ ብቻ ያንሡና መኪናዎ የሚያደርገውን ይመልከቱ። ቤት ሲደርሱም መኪናውን ለሚጋሩት ሰው ያዩትን ይንገሩ።

መልካም መንገድ ይሁንልዎ።